ትልቁን ጥቁር እባብ በቀለሙ አይቶ ለመሳሳት የሚረዳ ምክር

ይህ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። እባብን ከቀለሙ ብቻ ለይቶ በእርግጠኝነት መሳሳት ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሚያደርስበትን ግን ሳልደብቅ አስከትላለሁ። በመተማና በሑመራ የሰሊጥ ማሳ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ሠራተኛም ሆነ በቦረና ቆላ ግመል የሚጠብቀው ልጅ በዚህ ስሕተት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና።

መጀመሪያ ስሙን እመኑ። ጥቁር ማምባ ከተባለ ጥቁር ነው በሉ፤ ከሰል የመሰለ እባብ እስክታዩም ድረስ ሐሳብ አይግባችሁ። እንዲህ ያለ ሰው እውነተኛው ማምባ በአጠገቡ ቢያልፍ አያውቀውም። የማምባ ገላ አመድማ፣ ቡናማ ወይም ወደ ወይራ ቅጠል ቀለም የሚያደላ ነው። የጠቆረው አፉ ነው፤ ሊያስፈራራ ሲከፍተው ላንቃውና ድዱ ጭምር ጠቁሮ ይታያል። ያንን ጥቁረት አጥርቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ከሚገባው በላይ ቀርቧል፤ በዚያች ቅጽበት የሚጠቅመው ሳይደናበር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ብቻ ነው። ማምባ ትንሽ ሳለ ፈዘዝ ይላል፣ ዕድሜው ሲገፋ ይጠቁራል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ከ4 ሜትር ያለፈም አለ። ስለዚህ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ “አመድማ ነው” ሌላው “ጥቁር ነው” እያሉ ሲከራከሩ ሁለቱም ያዩት ማምባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ለአንድ ዝርያ አንድ ቀለም መድቡ። ኮብራ ጥቁር ነው፣ ቡናማው ሌላ ነው ብላችሁ ደምድሙ። የግብፅ ኮብራ የሚባለው ከቢጫማ ቡና ዓይነት እስከ ጥቁር ድረስ ይለያያል። መርዝ የሚተፋው ባለ ጥቁር አንገት ኮብራም አንዱ ቦታ ድፍን ጥቁር፣ ሌላው ቦታ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ቀለም ሊቃውንቱን እንኳ ለረጅም ዘመን አሳስቷል። በኬንያ፣ በሶማሊያና በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖር አንድ ትልቅ ተፊ ኮብራ የባለ ጥቁር አንገቱ ቡናማ መልክ ብቻ ነው ሲባል ኖሮ፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በሳይንስ ተገልጾ ስም የወጣለት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የአሽ ኮብራ ይባላል፤ መርዝ ከሚተፉት ኮብራዎች ሁሉ ትልቁም እሱ ነው። አንገቱን ካልነፋ ኮብራ አይደለም ማለትም ያው ስሕተት ነው። ሣር ውስጥ ተረጋግቶ የሚሄድ ኮብራ አንገቱን አይነፋም፤ የሚነፋው ሲሰጋ ነው።

ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበውንም እባብ እንደ አዲስ ዓይነት ቁጠሩት። በዚያ ሰሞን በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ገላው ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሮጌው ቆዳ ሲወልቅ ያው እባብ አብረቅርቆና ጠቁሮ ይወጣል። ዓይኑ በደፈረሰበት ጊዜ አጥርቶ ስለማያይ የተጠጋውን ሁሉ እንደ ጠላት ሊቆጥር ይችላል። አቧራ፣ ጭቃና የምሽት ብርሃንም ቀለም ይለውጣሉ፤ ይህን ሁሉም ገበሬ ያውቀዋል።

እንግዲህ አሁንም ጥርጣሬ ካለባችሁ፣ አንስታችሁ እዩት። ካርል ሽሚት በእባብ ጥናት ዓለም ያወቀው ሊቅ ነበር። በመስከረም 1957 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ የእንስሳት ማቆያ ዝርያው እንዲለይ የተላከለትን አንድ ትንሽ እባብ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ሲመረምር አውራ ጣቱን ነደፈው። እባቡ ቡምስላንግ የሚባለው አፍሪካዊ የዛፍ እባብ ነበር፤ ይህ ዝርያ በእኛም አገር አለ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ሽሚት መልኩ ቡምስላንግ እንደሚመስል አይቷል፤ ጅራቱ ሥር ያለው ቅርፊት ግን እንደሚጠበቀው ለሁለት አልተከፈለም ነበርና ተጠራጠረ። ሕክምና አልፈለገም፤ የሚሰማውን እየመዘገበ ቆየ። በማግሥቱ ደም በውስጡ ፈስሶ ሞተ። ቡምስላንግ ከነደፈ በኋላ ሰው ለሰዓታት ደኅና ሊመስል ይችላል፤ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ይህ ዝምታው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በልጥ የሚደነግጠው ሰው ቢያንስ በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል።

ገድላችሁ ለመለየትም ሞክሩ። ይህ ሁለተኛ ሰው ለማስነደፍ የታወቀ መንገድ ነው። የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ መንከስ ይችላል። ደግሞም ጠቁሮ ስላያችሁት ብቻ የገደላችሁት፣ አይጥ እየበላ ጎተራችሁን የሚጠብቅ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከቡናማ እስከ ጥቁር ይደርሳል።

ሰው ከተነደፈ በኋላ ደግሞ ጊዜውን በቀለም ክርክር ጨርሱት። “ጥቁር ካልሆነ አይገድልም” በሉ፣ እግሩን በገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ፣ ቁስሉን በምላጭ ብጡ፣ ጥቁር ድንጋይ ለጥፉበት። ገመዱ ደም አግዶ ሥጋውን ይገድላል፣ ምላጩ ደሙ መርጋት ላቃተው ሰው ተጨማሪ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ድንጋዩ መርዝ አይመጥም። የሚረዳው ሌላ ነው፦ የተነደፈው ቦታ ከማበጡ በፊት ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሰውየውን ሳያስሮጡ ተሸክሞ መውሰድ። መርዝ ዓይን ውስጥ ከተተፋም ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ጤና ባለሙያው ሕክምናውን በቀለም ወሬ ብቻ አይወስንም። የዓይን ሽፋን መውደቁን፣ መዋጥና መተንፈስ መክበዱን፣ የድድ መድማትን፣ እብጠቱ የት እንደደረሰ ያያል። ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ብልቃጡን ዘንበል ሲያደርገው ደሙ ሳይረጋ ከፈሰሰ፣ መርዙ የደም መርጋትን አበላሽቷል ማለት ነው። ፀረ መርዝ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ ተሽከርካሪ የሚፈልገው ሰው መንገድ ላይ እያለ ሌላው ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደውሎ መድኃኒቱ መኖሩን ይጠይቅ፤ የተነደፈበትን ሰዓትና መጀመሪያ የተሰማውን ምልክትም በወረቀት ጽፎ አብሮ ይላክ።