ከዚህ በኋላ አዲስ ኢኒንግ የለም

የአስር ዓመት ልጃገረዶች ሶፍትቦል ስድስት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራቸው ዱላ የሚይዙበት ዙር) አለው ይባላል። የደንቡ መጽሐፍም የሚለው እንደዚያ ነው። ስድስተኛውን በዓይኔ አየሁ የሚል ወላጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኛ የምናውቀው ሦስቱን፣ ቀን ከቀናን አራቱን ነው፤ የቀረውን በእምነት ተቀብለን የሚታጠፍ ወንበራችንን እየጎተትን ወደ መኪናችን እንሄዳለን።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ሶፍትቦል ከቤዝቦል የወጣ ጨዋታ ነው። በ1887 በምስጋና ቀን፣ ቺካጎ ውስጥ ፋራጉት በተባለ የጀልባ ክለብ የተሰበሰቡ ጎልማሶች የዬልንና የሃርቫርድን የፉትቦል ውጤት ሲጠብቁ ዋሉ። ውጤቱ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር ጠፋ። አንዱ የቦክስ ጓንት አንስቶ ወረወረ፣ ሌላው በእንጨት መታው፤ ጆርጅ ሃንኮክ የሚባለው ደግሞ ጓንቱን በማሰሪያው ጠፍሮ ኳስ አደረገውና ጨዋታው ተወለደ። ነገሩን ልብ ካላችሁት፣ ሥራ የፈቱ ሰዎች ጊዜ እንዲገፋላቸው ያመጡት ነው። ይኸው ከ130 ዓመት በላይ ሆነው፤ ጊዜ መግፋቱን አንድም ቀን አልተወም።

እኛ ያለነው ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ነው። ኳሷን የምትወረውረው ልጅ ፒቸር፣ ከዱላ ያዧ ጀርባ ቁጢጥ ብላ የምትቀበለው ካቸር ትባላለች። በልጄ የዕድሜ ምድብ ከመወርወሪያው እስከ መምቻው 35 ጫማ ነው፤ አስራ አንድ ሜትር አይሞላም። ለእኔና ለእናንተ ቅርብ ነው። ክንዷን አንድ ጊዜ ሙሉ አዙራ ከታች ለምትለቅ የአስር ዓመት ልጅ ግን ኳሷ የት እንደምታርፍ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። አንዷ በራስ ላይ ታልፋለች፣ አንዷ አፈር ትልሳለች፣ አንዷ ሄዳ አጥሩን ትመታለች። እንዲህ ያለ ኳስ «ቦል» ይባላል፤ አራት ቦል የተቆጠረላት ልጅ ዱላዋን ጥላ በነፃ አንደኛው ቤዝ (ማረፊያ) ላይ ትቆማለች። ሦስቱም ቤዞች ከሞሉ በኋላ እያንዳንዱ ነፃ ጉዞ አንድ ነጥብ ነው።

በትንንሾቹ ምድብ አንድ ቡድን በአንድ ተራ አምስት ነጥብ ካስገባ፣ ሦስት ሰው ተቃጥሎ ባይወጣበትም ተራው ይለወጥ የሚል ደንብ የወጣው ለዚህ ነው። ደግ ደንብ ነው። ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ለማስላት ጊዜ አላጣሁም። ዱላ ሳይወዘወዝ አምስት ነጥብ እንዲገባ ስምንት ልጆች በነፃ መሄድ አለባቸው። ስምንት ጊዜ አራት፣ 32 ኳስ። ለአንዷ ኳስ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ብትሰጧት 16 ደቂቃ ሆነ፤ ያውም ለግማሽ ኢኒንግ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ሜዳው ላይ የተበተኑት ልጆች ሥራቸው መቆም ነው። ልጄ የግራውን ጥግ ስትጠብቅ በእጇ ተገልብጣ መቆም ተምራለች። ስፖርት አልሠራችም አይባልም።

ባለፈው ግንቦት የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ መጥተው ነበርና አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፦

«ያችን መሃል ላይ ለብቻዋ ያቆሟትን ልጅ ምን በድላ ነው?» አሉኝ።

«አልበደለችም እማማ፣ ዋናዋ እሷ ናት።»

«ዋና ከሆነች ታዲያ ሁሉም ለምን ይጮህባታል?»

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ዓይናቸው ወደ ተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ዞረ። ልጆቹ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ ቅርፊቱን እንትፍ ይላሉ፤ ሶፍትቦልና ቤዝቦል ባለበት ሁሉ ሱፍ አይጠፋም። እማማ የወለሉን ቅርፊት አይተው አንጀታቸው አረረ። «ይኼን ሁሉ ሱፍ ወቅጠው ፍትፍት ቢያደርጉት ለስንት ጾመኛ በበቃ!»

ስለ ጩኸቱ ያሉት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጨዋታው ለምን ይጓተታል ሲባል ጣት የሚቀሰረው ልጆቹ ላይ ነው፦ ያወራሉ፣ አፈር ላይ ይሥላሉ፣ ሹሩባቸውን እንደገና ያሲዛሉ፣ ሽንት ቤት የሚመጣባቸው ሁልጊዜ ዱላ የመያዝ ተራቸው ሲደርስ ነው። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኳሷን ትቼ ትልልቆቹን ማየት ጀመርኩ።

ፒቸሯ ኳሷን ይዛ ትቆማለች። ከአግዳሚው በኩል ኮቹ (አዘቦቱን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ቅዳሜ ጄኔራል ይሆናል) እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ሁለት፣ አንድ፣ አራት!» ይላል። ካቸሯ ጭንብሏን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ክንዷ ላይ የታሰረውን ሰንጠረዥ ታያለች። በጣቷ ረድፉን ትፈልጋለች። ሁለት… አንድ… «ስንት?» «ሁለት! አንድ! አራት!» ትርጉሙ ፍጥነቷን ቀንሰሽ፣ ዝቅ አድርገሽ፣ በውጭው ጠርዝ ላኪያት ነው። ይኼኔ ዱላ ያዧ ከቦታዋ ወጥታ፣ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ወደ ቆመው የራሷ ኮች ትዞራለች። እሱ ደግሞ አፍንጫውን ይነካል፣ ጆሮውን ይጎትታል፣ ቀበቶውን መታ መታ ያደርጋል፣ ግንባሩን ነክቶ ደረቱን ያብሳል። እማማ «ያማትባል እንዴ?» አሉኝ። ልጅቱ አንገቷን ነቅንቃ ትመለሳለች፤ ነገሩ ገብቷት ሳይሆን አንገት መነቅነቅ ስለሚያስመሰግን። ፒቸሯ ክንዷን ታዞራለች። ኳሷ ሁለት ሜትር ሲቀራት መሬት ላይ ነጥራ አጥሩ ሥር ትገባለች። ካቸሯ ጭንብሏን ጥላ ትሮጣለች። ኮቹ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፣ ያስባል፣ ከዚያ፦ «ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ!»

የሊጉ ሰዎች መጓተቱ አልጠፋቸውም። መድኃኒት ብለው ያመጡት ሰዓት ነው፦ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከሩብ ካለፈ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም። ሰዓቱ የመጣ ቀን ተንኮሉም አብሮ መጣ። የሚመራው ቡድን ኮች፣ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ድንገት አንጀቱ ይራራል። የልጆቹ የጫማ ክር ያሳስበዋል፤ ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ይጠይቃል። ዳኛውን ጊዜ ለምኖ ቀስ እያለ ሜዳ ይገባና ፒቸሯን ትከሻዋን ይዞ ያማክራታል። ልጄ አንድ ቀን አንደኛው ቤዝ ላይ ስለነበረች ምክሩን ሰምታዋለች። ስለ ፒዛ ነበር።

ፕሮፌሽናሎቹስ ጋ? በ2023 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ወርዋሪው ላይ ሰዓት አቆመበት፦ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሴኮንድ፣ ካለ 20። ካሳለፈ አንድ ቦል ይቆጠርበታል። በዚያው ዓመት የዘጠኝ ኢኒንግ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከሦስት ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 ወረደ። ኮቻችን ይኼን ሲሰማ ፈነደቀ፤ ስልኩ ላይ ሴኮንድ ቆጣሪ ከፍቶ፣ አሠራሩን ለፒቸሯ ለማስረዳት ጨዋታውን ሁለት ጊዜ አስቆመ። ደግሞስ ቅጣቱ ቦል ነው። እኛ ጋ ቦል እንደሁ ሞልቶ ተርፏል።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ዘፈኑ ይቅር ይላሉ። ይኼን አልሰማም። ሶፍትቦል የሚጫወቱ ልጃገረዶች አግዳሚው ላይ ሆነው እያጨበጨቡ፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ ለእያንዳንዷ ዱላ ያዥ ይዘፍናሉ፤ በዚያ ሁሉ ጥበቃ መካከል የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ኳስ አያስቆምም፣ ሰዓት አይበላም። እማማም ከሁሉ የወደዱት እሱን ነው፤ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ሳያውቁት አብረው ያጨበጭቡ ነበር።

የሚያፈጥኑ ነገሮች ጠፍተው አይደለም። ተራዋ የቀረበ ልጅ የራስ ቁሯን አጥልቃ ትጠብቅ። ካቸሯ ቤዝ ላይ እያለች ሁለት ሰው ከወጣ፣ ብዙ ሊጎች ሌላ ልጅ እንድትሮጥላት ይፈቅዳሉ፤ ያን ጊዜ ወጥታ ትታጠቅ። አለዚያ ሁላችንም ቁጭ ብለን የአንዲት ልጅ ቅልጥም መከላከያ ዘለበት በዘለበት ሲቆለፍ፣ እናቷ በግራ፣ ኮቹ በቀኝ ተንበርክከው የግራውን በቀኝ ሲያስሩ እናያለን። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን ዳኛው እጅ ነው ያለው።

እማማ ሊመለሱ ሲሉ በነበረው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሜዳ ሄድን። የዚያን ቀን ዳኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ቀጭን ልጅ ነበረች። ሁለቱን ኮቾች ጠርታ «ዛሬ ስትራይክ ሰፊ ነው፣ ልጆቻችሁ ዱላቸውን ይወዝውዙ» አለቻቸው። ስትራይክ የሚባለው፣ ዱላ ያዧ ልትመታው የሚገባት የኳስ መንገድ፣ በደንቡ ከብብት እስከ ጉልበት ነው፤ እሷ ከአገጭ እስከ ቅልጥም አደረገችው። የእኛው ጄኔራል ሊከራከር አፉን ሲከፍት «ሦስት ደቂቃ ካወራን አንዷ ልጅ ዱላ ሳትይዝ ትቀራለች» ብላ ጭንብሏን አወረደች።

በነፃ መሄድ እንደማያዋጣ ሲገባቸው ልጆቹ መምታት ጀመሩ። ቁጥር ለመጥራት ጊዜ ስለጠፋ ሰንጠረዡ ተረሳ። ኳስ ተንከባለለ፣ ልጆች ተጋጩ፣ ሁለት ልጆች አንድ ቤዝ ላይ ተገናኝተው ተሳሳቁ። አንዷ ኳስ ደግሞ በግራው ጥግ፣ እግሮቿን ሰማይ ካደረገችው ልጄ አጠገብ ሽው ብላ አለፈች፤ እዚያ ጥግ ሥራ ሲገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አምስተኛውን ኢኒንግ ጨርሰን ለስድስተኛው ስንዘጋጅ ሰዓቱ ሞላ።

ልጆቹ ተሰልፈው መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ተሰነባበቱ። እኛም ዕቃችንን ሰበሰብን። ኮቻችን ግን ቡድኑን ሳሩ ላይ ክብ አድርጎ አስቀመጠና ንግግር ጀመረ። ለዚህኛው የትኛውም ሊግ ሰዓት አላወጣለትም። ስለ ጽናት ተናገረ። ስለ አንድነት ተናገረ። ስለ ተረሳው ሰንጠረዥ ከሁሉ አስረዝሞ ተናገረ። ቀጣዮቹ ቡድኖች መጥተው በዙሪያቸው መሟሟቅ ጀመሩ። እኔ ጁስና ብስኩት ታቅፌ፣ የመኪናዬን ቁልፍ እያንሿሿሁ ስቁነጠነጥ እማማ ቀና ብለው፦

«ይኼ ደግሞ ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

«ጨዋታውማ አልቋል እማማ። ይኼ ስብከት ነው።»

«ስብከት ከሆነ ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል? አርፈህ ቁጭ በል!» ብለው የዘጉትን ዣንጥላ መልሰው ዘረጉት።