አቦ፣ «ፎርማት ይደረግ» አትበለኝ!

ድሬዳዋ ላይ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ክሎን አድርጎ ማሽኑ አልነሳ ያለው ጠጋኝ ሰበብ አያጣም። እኛም መልስ አናጣለትም።

«አቦ፣ ሁሉንም ገልብጫለሁ እኮ!»
ሲ ድራይቭን ብቻ ገልብጠህ ኢኤፍአይ የምትባለዋን ክፍል ከተውካት ምኑን ሁሉንም ገለበጥከው? መቶ ሜጋባይት ገደማ ብትሆን ነው፤ ዊንዶውስን የምትቀሰቅሰው ግን እሷ ናት!

«ሁለቱንም ዲስክ እንደሰካሁ አስነሳሁት፤ ምን አለበት?»
አለበት እንጂ! የክሎኑ መለያ ቁጥር ከዋናው ጋር አንድ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ባንዴ ሲያይ ይምታታበታል፤ አንዱን ኦፍላይን ያደርግብሃል። አሮጌውን ንቀልና አዲሱን ብቻውን አስነሳው።

«ባዮሱን ሌጋሲ አደረግኩት፤ እሱም አልሠራም።»
የድሬ ልጅ ሆነህ ይሄ ይጠፋሃል? በ1895 ዓ.ም. ከተማችን የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1.435 ሜትር ነው። አዲሱን ባቡር በአሮጌው የፈረንሳዮች ሐዲድ ላይ አቁመህ «ለምን አልሄደም?» ትላለህ? የጂፒቲ ዲስክ ላይ ያለ ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል፤ የኤምቢአሩ ሌጋሲ። አሮጌው በየትኛው ይነሳ እንደነበር መጀመሪያ እይ!

«ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ በቃ ኤስኤስዲው ተበላሽቷል።»
ዕቃውን ከመውቀስህ በፊት ጽሑፉን አንብብ! «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ካለህ አንዴ በሴፍ ሞድ አስነሳው፤ የዲስኩ ድራይቨር ሲጫን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

«ተወው፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልህ።»
ለዚህማ ጠጋኝ ምን ይሠራል! የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክተህ አስነሳ፤ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫን። በዲስክፓርት ለኢኤፍአይ ክፍሏ ፊደል ስጣት፤ ጭራሽ ከሌለች በፋት32 ፍጠራት። ዊንዶውሱ በየትኛው ፊደል እንዳለ አረጋግጥና በቢሲዲቡት ማስነሻውን ወደ እሷ ጻፍ። ፋይል ሳይነካ ይነሳል።

«አሮጌውንማ አጽድቼ ሸጥኩት።»
በማን ንብረት? እዚያ ውስጥ እኮ የድሬው ታይዋን ገበያ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባት ፎቶ ይኖራል! አዲሱ ብቻውን ተነስቶ፣ ባለቤቱ ፋይሉን ከፍቶ «አለ» እስኪል አሮጌው ዲስክ አይነካ። የሰው ፋይል አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ፎርማት አይደረግም!