ለድቡ ቦታ ይለቀቅ

በጌጃ ሰፈር የገና ሰሞን ሕፃን ወዳለበት ቤት ከሚገቡት እንግዶች ሁሉ ግዙፉ ድብ ነው። አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከመርካቶ በሰው ትከሻ ተጭኖ ይመጣል። መርካቶ ቅርብ ስለሆነ መንገዱ አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚጀምረው በር ላይ ነው። አልጋ፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን፣ የውኃ ጀሪካንና አምስት ነፍስ በሚጋሩት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ድቡ ቀን አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ሰው ሲተኛ ቡፌው ላይ ይወጣል፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ እንዲታይ ይወርዳል። ማዶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ የደረሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ ውጣ ውረድ አልዳኑም። ሕፃኑን በተመለከተ የሕፃናት ሐኪሞች ምክር ግልጽ ነው፤ እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ የሚተኛበት ቦታ ላይ ትንፋሹን ሊያፍን የሚችል ለስላሳ ነገር መኖር የለበትም። እንግዲህ አንዳቸው ቦታ መልቀቅ አለባቸው፤ በክብደትም በዋጋም የሚበልጠው ድቡ ስለሆነ ማን እንደሚለቅ መገመት አያዳግትም።

ይህን አይቶ ሰጪዎችን በግድየለሽነት መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለሕፃን የበዓል ስጦታ የሚመረጠው በታላቅ ጥንቃቄ፣ ባልተጻፈ ግን በማይጣስ ሕግ ነው፤ ዕቃው ሕፃኑን በጠቀመ ቁጥር ሰጪውን ያሳንሳል፣ ባልጠቀመ ቁጥር ያስከብራል። ጫማን እንመልከት። መቆም ላልጀመረ ልጅ ሶል ያለው፣ ማሰሪያ ያለው፣ ሲረግጡት መብራት የሚያበራ ጫማ ይገዛለታል። መብራቱ የሚበራው መሬት ሲረገጥ ነው፤ ልጁ ደግሞ ገና ቁጭ ማለቱም አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ አክስት ጫማውን በእጃቸው ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው ያበሩታል፣ ቤቱ ያጨበጭባል። ሙሉ ልብሱም ከነክራቫቱ እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሕፃን በ5 ወሩ ገደማ የውልደት ክብደቱን እጥፍ ያደርሳል፣ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ቁመቱም በዚያው ዓመት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ለገና የተገዛለት ኮት ለፋሲካ አይቆለፍም ማለት ነው። በመካከሉ ያሉት ወራትም ቢሆኑ ሕፃን ክራቫት አስሮ የሚቀርብበት ስብሰባ እምብዛም የለባቸውም።

የሁሉም ቁንጮ ግን ዎከር ነው። ባለ ጎማው፣ ዙሪያው ጠረጴዛ፣ ፊቱ ላይ ሙዚቃ የሚጮኽበት መራመጃ። ሰጪው ሲያስረክብ «ቶሎ እንዲሄድ ነው» ይላል፤ አባትም ደስ ይለዋል፣ ልጁ ከጎረቤት ልጅ ቀድሞ ሊራመድ ነዋ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ዎከር የልጁን መራመድ እንደማያፋጥን፣ እንዲያውም ሊያዘገይ እንደሚችል ነው። የሚያፋጥነው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ደረጃ፣ ወደ ስለትና ወደ እሳት የሚደረገውን ጉዞ። ካናዳ ጉዳዩን አይታ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዎከር እንዳይሸጥም እንዳይገባም ከለከለች። በረዶ እንጂ ከሰል ምድጃ መሬት ላይ የማያስቀምጥ ሕዝብ ነው እንዲህ የፈራው። እኛ ዘንድ በዓል ማለት ቄጠማ ከተጎዘጎዘበት ወለል ላይ ረከቦት፣ ከረከቦቱ አጠገብ የጋመ ምድጃ፣ ከምድጃው ላይ የፈላ ጀበና፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የዶሮ ወጥ ድስት የሚቀመጡበት ቀን ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ ገና ፍሬን መያዝ ለማያውቅ የ8 ወር ልጅ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ እናስረክባለን። ቄጠማው ጎማውን ይይዘዋል ብለን ተስፋ እናደርግ ይሆናል።

ስለ ወርቅ ሐብሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንገት የሚያንቅ ነገር አንገት ላይ ማሰር ምን እንደሆነ ሰጪውም ያውቃል፣ ስለዚህ ፎቶ እስኪነሣ ብቻ ነው የሚታሰረው። ዘፋኝ አሻንጉሊቶች ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪም ብትዋጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። አሻንጉሊቱ ግን «ሃፒ በርዝዴይ» ይዘፍናል፤ በገና ዕለት መሆኑ አልከበደውም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ዳይፐር ይዞ የመጣውን ምስኪን እንመልከት። አራስ ልጅ በቀን 8 ጊዜና ከዚያም በላይ ይቀየርለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ባለ ሱቁን መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ እናቶች ከወር አጋማሽ በኋላ ወደ ሽንት ጨርቅ የሚመለሱት አካባቢ ጥበቃ አሳስቧቸው አይደለም። በዚህ መሐል አንድ እሽግ ዳይፐርና አንድ ካርቶን ሳሙና ይዞ የገባ ሰው እናቲቱን የቀናት ሐሳብ አቃለላት። አቀባበሉ ግን ይታወቃል፤ «ምነው ተቸገርክ» ትለዋለች ለይሉኝታ፣ ዕቃው ወዲያው ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ድቡ እንደሆነ ከላይ ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላም ቤተ ዘመድ «እሱ እንኳ ዳይፐር ነው ያመጣው» ይላል፤ ድምፁ የመርዶ ነው። የልጅ ሰገራ የሚይዝ ዕቃ ለበዓል! ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ንጹሕ የጥጥ ካናቴራ ያመጣማ ሰው ቢቀር ይሻለዋል።

«ስጦታ ወግ ነው፤ ወግን በጥቅም አትመዝኑት» የሚሉ አሉ። ወግን ካነሡ ደግ አደረጉ። የአራስ ጥየቃ ወግ ምን ነበር? ጎረቤት የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ የአጥሚት እህል፣ የሞላለት ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጇን የመጣችው ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፣ ጨርቅ ታጥባለች፣ ትልቁን ልጅ ይዛ ትውላለች። ዛሬም ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሲከበር ሠፈርተኛው ደጅ ወጥቶ ከአንድ ሳፋ ንፍሮ ይቋደሳል፤ ንፍሮው ላይ ሪባን የለም። በሙስሊሙ ጎረቤት ቤትም በአቂቃ ሥርዓት የሕፃኑ ፀጉር ተላጭቶ በክብደቱ ልክ ብር ይመጸወታል፤ የልጁ መወለድ ለድኻ የሚተርፍበት መንገድ ነው። እንግዲህ የትኛው ወግ ነው ከቻይና በኮንቴይነር የመጣውን ድብ ያዘዘው? እርግጥ ነው፣ የድሮው ሁሉ ደግ አልነበረም፤ አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማዋጥም ወግ ተብሎ ኖሯል፣ የጤና ባለሙያዎች ይህን ለማስተው ብዙ ደክመዋል። ሆኖም ያ ስሕተት እንኳ የመጣው የልጁን ሆድ ከማሰብ ነበር። የዛሬው ስሕተት ልጁን ማሰብ አልፈለገም።

ሌሎች ደግሞ «ማስታወሻ ይሆነዋል» ይላሉ። ዳይፐር ነገ ይጣላል፣ ድቡ ግን ለልጁ እድሜ ልክ ይቆይለታል ማለታቸው ነው። በጭቃ ቤት እርጥበት ድብ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ምን እንደሚሸት ለመናገር ጨዋነት አይፈቅድም። ማስታወሻነቱስ ለማን ነው? ፎቶው የተነሣው በሰጪው ስልክ፣ የተለጠፈው በሰጪው ገጽ፣ «እንኳን አደረሰህ የኔ ጀግና» የተባለውም ማንበብ ለማይችል ሰው ነው። ያልተከፈቱት ልብሶች ግን በእውነት ረጅም ዕድሜ አላቸው። ከነማሸጊያቸው ከጌጃ ሰፈር ወደ አብነት፣ ከአብነት ወደ ኮካ፣ ከክርስትና ወደ ልደት እየዞሩ ይኖራሉ፤ አንዳንዴም ዞረው ዞረው የመጀመሪያ ገዢያቸው ቤት ይደርሳሉ። ገዢዋም በጥቅሉ ቀለም ታውቃቸዋለች፤ አመስግና ትቀበላለች፣ ለሚቀጥለው ክርስትናም ታዘጋጃቸዋለች።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ድኻ እናት ዓመቱን ሙሉ ሳሙናና ዱቄት ስትቆጥር ኖራ በበዓል ቀን አንድ የሚያምር ነገር ቢገባላት ምን አለበት? ምንም የለበትም። ውበትም ጥቅም ነው፤ በእጅ የተፈተለች ነጠላ፣ ልጁ ተቀምጦ የሚያንኳኳት አንዲት የእንጨት አሻንጉሊት ማንንም አላፈኑም፣ ቦታም አላጣበቡም። ነገር ግን ለውበቱ የሚጨነቁት ሰዎች እናቲቱን ምን ያምርሻል ብለው ሲጠይቁ አይሰሙም። ብትጠየቅ «ሁለት ሰዓት እንቅልፍ» ትል ይሆናል፣ ይህ ደግሞ በሪባን አይታሰርም።

«ጠቃሚ» የሚለውን ቃል ሰምተው ወዲያው ወደ ፋርማሲ ለሚሮጡትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጡጦና የጣሳ ወተት ይዘው ይመጣሉ፤ ጣሳው ላይ ወፍራም ሕፃን አለ፣ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ምን አለ? የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል ይላል፤ እንዲህ ያለው ወተት እንዴት ለገበያ መቅረብ እንዳለበት የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብም የወጣው በ1981 እንደ አውሮፓውያኑ ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ነበሩ። ይህ ቁጥር በጣሳ አይሞላም፤ በእናቲቱ ማዕድ ላይ በሚጨመር እንቁላልና ከ6 ወር በኋላ ልጁ በሚጀምረው ምጥን ገንፎ እንጂ። እንቁላል ግን ለፎቶ አይመችም፤ በዚያ ላይ በቁጥር ስለሚሰጥ የሰጪው ቸርነት ወዲያው ይቆጠራል።

ዕቃ ያልሆነው ስጦታማ ጨርሶ ተረስቷል። የልደት ምዝገባ በሕጉ መሠረት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት፤ ክትባቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፣ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር ነው፣ ብዙ ቤት የሚረሳውም ይኼኛው ነው፤ ልጁ እየሮጠ ስለሆነ አድጓል ይባላላ። የክርስትና አባት ለሆነ ሰው ያንን ቀን ይዞ፣ ወላጆቹን ከወረፋ አድኖ፣ ከልጁ ጋር ጤና ጣቢያ መቀመጥ ምን ያህል ያስከፍለዋል? ግማሽ ቀን። ድቡን ለመግዛት መርካቶ የፈጀውም ግማሽ ቀን ነበር፤ ነገር ግን በክትባት ወረፋ ላይ የሚያጨበጭብ ዘመድ የለም።

በመጨረሻ ሰጪዎች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ ጠቃሚ ስጦታ ለመግዛት እናቲቱን መጠየቅ ግድ ነው። ዳይፐር በልጁ ክብደት ቁጥር ይለያያል፣ ባለፈው ወር የገጠመው ዛሬ ይጠብበታል፣ ሳሙናውም ለቆዳው መስማማቱን የምታውቀው እሷ ናት። ተደውሎ «ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?» ከተባለ ደግሞ ድንገተኛነቱ ሊቀር ነው፤ ስጦታ ያለ ድንገተኛነት ምን ደስታ አለው ይላሉ። ለዚህ ሥጋት የሚሆን መልስ ቀላል ነው። እናቲቱ ድንጋጤ አልጠየቀችም። ሕፃኑ እንደሆነ ገና በገዛ ጣቶቹ መገረሙን አልጨረሰም።