ቤታችን ቁጭ ብንል ኖሮ

ኢየሩሳሌም ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሚያደርጉት የኩራት ሰልፍ ላይ መሄዴ ከተወራ ወዲህ መልስ የምጠየቅበት ቦታ በዝቷል። ሠርግ ቤት ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ይጠይቁኛል። ጠያቂዎቼ የቤተ እስራኤል ወገኖቼ ናቸው፤ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ የሱዳንን በረሃ አቋርጠው፣ ልጅና ወላጅ መንገድ ላይ ቀብረው እዚህ የደረሱ። አከብራቸዋለሁ። ፊት ለፊት የምመልስላቸውም ስለማከብራቸው ነው።

«እዚያ ማን አለህ?»

ጎረቤቴ አለ። አብሮኝ ፈረቃ የሚገባ ልጅ አለ። በሰንበት ማዕድ ከእናቱ ፊት ተቀምጦ ግማሽ ሕይወቱን ውጦ የሚበላ፣ የእናንተው ልጅም አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ አምኖ ነው የነገረኝ።

«ቴል አቪቭ አለችላቸው አይደል? ኢየሩሳሌምን ለምን አይተዉልንም?»

ኢየሩሳሌም ተወልዶ ያደገ ልጅ እንደ ልቡ ለመሆን አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር ዳርቻ ድረስ መሄድ አለበት? እዚህ ከተማ ሰልፉ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። የቴል አቪቩ በጭነት መኪና ላይ ሙዚቃ የሚለቀቅበት ትልቅ ፌስቲቫል ነው። የኛው ግን የኩራትና የመቻቻል ሰልፍ ይባላል፤ ሰው መፈክሩን ይዞ፣ የልጁን እጅ ይዞ በእግሩ ይሄዳል። መንገዱ ግራና ቀኝ ታጥሯል፣ ፖሊስ ቦርሳህን ሳይፈትሽ አትገባም። ሰልፍ የሚያስፈልገው ደግሞ ሰው በሚፈራበት ከተማ ነው።

«ቅድስቲቱን ከተማ አረከሷት።»

ረክሳለች፣ እውነት ነው። ቀኑንም ልንገራችሁ፤ ሐሙስ፣ ጁላይ 30፣ 2015። ይሻይ ሽሊሰል የሚባል ሰው በ2005ቱ ሰልፍ ሦስት ሰው በቢላዋ ወግቶ አሥር ዓመት ታሰረ። በተፈታ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ያንኑ ሰልፍ ተከትሎ ከረን ሃየሶድ መንገድ ላይ ደረሰ። ከመምጣቱ በፊት ሐሳቡን አልደበቀም፤ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ይበትን ነበር፣ ለጋዜጠኛም ተናግሯል። ስድስት ሰው ወጋ። ከስድስቱ አንዷ ሽራ ባንኪ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሑድ ዕለት ሞተች። ከተማዋን ያረከሳት ያ ቢላዋ ነው። የያዘውም ጺም ያሳደገ፣ ኦሪት የተማረ፣ ለፈጣሪ ቀናሁ የሚል ሰው ነበር። ኢየሩሳሌም ንጹሕ እንድትሆን የምትመኙ አባቶቼ፣ ቁጣችሁን በዚያ ላይ አሳዩኝ።

«ልጅህ እንደዚያ ሆኖብህ ነው እንጂ ያለ ምክንያት አትሄድም።»

ሽራ ባንኪም የሄደችው ለጓደኞቿ ነበር። ወላጆቿ ለሕዝብ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ ጓደኞቿ እንደ ፍላጎታቸው የመኖር መብት እንዳላቸው ልትመሰክር ወጣች። ለሰው ለመቆም የግድ ከቤቴ መወለድ አለበት? እኛን ከሱዳን ያወጡን ሰዎች ሁሉ ዘመዶቻችን ነበሩ?

«ቢላዋ ካለ ደግሞ ምን አስኬደህ?»

ቢላዋው ነው ያስኬደኝ። ሽራ በሞተች በዓመቱ 25,000 ያህል ሰው ወጥቶ፣ የተወጋችበት ቦታ ላይ አበባ እያኖረ አለፈ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ሃይማኖት ሁሉ ተቃውሞታል፤ አንተ ከማን ትበልጣለህ?»

ተቃውሞታል፣ አውቃለሁ። በ2005 ዓለም አቀፉ የኩራት ሰልፍ ኢየሩሳሌም ሊመጣ ነው ሲባል ሁለቱ ዋና ረቢዎች፣ የክርስቲያን ፓትርያርኮችና የሙስሊም ሼኾች በአንድ መድረክ ተሰብስበው አወገዙት። በዚህች ከተማ ስለ አንዲት ድንጋይ ሳይስማሙ የኖሩ አባቶች ናቸው። በ2006 ሰልፉ በስንት ውዝግብ ጊቫት ራም ስታዲየም ውስጥ ታጥሮ እንዲካሄድ ተደረገ። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ የኛ ደም ሲደፋ እነዚያ አባቶች ለምን በአንድ መድረክ አልተሰበሰቡም?

የትኛው ደም እንዳትሉኝ። ጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ ያወጣውን ታስታውሳላችሁ። ደም የሚሰበስበው ድርጅት ማገን ዳዊድ አዶም ከኢትዮጵያ ከመጣ ሰው የተቀዳውን ደም በድብቅ ይጥለው ነበር። ወታደር ልጆቻችን እጃቸውን ዘርግተው ሰጥተው፣ ደማቸው ቆሻሻ ውስጥ ገባ። በኤድስ ስም፣ እኛን በጅምላ። አሥር ሺህ ያህል ሆነን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣን፤ ውሃ ተረጨብን፣ በዱላ ተመታን። አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። እስከ 2021 ድረስ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያለው ወንድም፣ አንድ ዓመት ካልታቀበ ደም መስጠት አይችልም ነበር። በዚያው በሽታ ስም፣ እሱንም በጅምላ። ገደቡን ያነሣው ራሱ ጌይ መሆኑን በአደባባይ የተናገረው የያኔው የጤና ሚኒስትር ኒጻን ሆሮዊትዝ ነው። ደሙ የተደፋበት ሰው ደሙ የተደፋበትን ሰው ካልተረዳ፣ ማን ይረዳው?

«መብታቸው ይሁን፤ ግን በየቤታቸው። አደባባይ ምን አወጣቸው?»

ይህን ጥያቄ ሌላው ሁሉ ቢጠይቀኝ እታገሣለሁ፤ ከእኛ ሰው ሲመጣ ግን አልችልም። በ1985 የዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ምን አለን? አይሁድነታችሁ ያጠራጥረናልና ከማግባታችሁ በፊት የመንጻት መጥለቂያው፣ ሚቅቬ፣ ገብታችሁ ጥለቁ አለን። ስንት ሺህ ዓመት ሰንበትን የጠበቁ አባቶች፣ የልጆቻቸው ጋብቻ እንዲመዘገብ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠመቁ። ቤታችን ቁጭ አልን? የጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ በነበረው በሔኻል ሽሎሞ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል መንገድ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ጋቢውን ለብሶ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ በዓሉም እዚያው አለፈ። ያኔም አላፊ አግዳሚው «ለምን አደባባይ? ነገሩን በጓዳ ለምን አትጨርሱም?» ይለን ነበር። ሔኻል ሽሎሞ ያለው ኪንግ ጆርጅ መንገድ ላይ ነው፤ ኪንግ ጆርጅ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከረን ሃየሶድ ይሆናል። ሽራ የወደቀችበት መንገድ እኛ የተቀመጥንበት መንገድ ተከታይ ነው። አስፋልቱ አንድ ነው። እኛ የተቀመጥነው ማን ያግባን፣ ማን ያግደን በሚል ነበር፤ እነሱም ዛሬ የሚሄዱት በዚያው ነገር ነው። በዚህ አገር ጋብቻ በሃይማኖት ፍርድ ቤት እጅ ስላለ፣ ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት በውጭ አገር ሕግ ካልተጋቡ ማንም አይመዘግባቸውም። ውጭ የተጋቡትም የተመዘገቡት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2006 ስላዘዘ ነው።

«በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ፈረንጅ ነው ያመጣው።»

ካልነበረ ሕጉ ለማን ተጻፈ? በጃንሆይ ዘመን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይከለክለው ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 ይከለክለዋል፣ ያሳስራልም። ሁለት መንግሥት በየዘመኑ አንቀጽ የመደበው ለሌለ ሰው አይደለም። ነበሩ። ይኖሩ የነበረው ግን አፋቸውን ይዘው፣ ያላፈቀሩትን አግብተው፣ ወይም መንደር ለቀው ጠፍተው ነው። «አልነበረም» ስንል ዝም ማለታቸውን እንደ አለመኖር ቆጥረንባቸዋል።

«እነዚህ እኮ ፈጣሪን የካዱ ናቸው።»

እዚያ ሰልፍ ላይ ኪፓ ያደረገ ወንድ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት አብረውኝ ሄደዋል። ሐቭሩታ የሚባል የሃይማኖተኛ ወንዶች ማኅበር አለ፣ ባት ኮል የሚባል የሃይማኖተኛ ሴቶች ማኅበር አለ። ዮም ኪፑርን ይጾማሉ፣ ሰንበትን ያከብራሉ። ከምኩራብ ያስወጣቸው ሰው እንጂ ክሕደት አይደለም።

«ልጆቻችን አይተው ምን ይማሩ?»

የኔ ልጅ ያየችውን ልንገራችሁ። ወንድ ልጇን አቅፋ የምትሄድ እናት አይታለች። ከአጥሩ ማዶ ቆመው የሚሳደቡ ሰዎችም አይታለች። ማታ የጠየቀችኝ ስለ እናቲቱ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ለምን እንደሚጮኹ ነው። መልሱ ከበደኝ፤ ምክንያቱም ያንን ስድብ፣ ቆዳ ቀይሮ፣ እኔም በልጅነቴ ትምህርት ቤት በር ላይ ሰምቼዋለሁ።

አንዲት እናት ግን ከሁሉም ለየት ብላ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ ቢሆንስ?» አለችኝ። እሷን በነገር አልመታሁም። እንዲህ አልኳት፤ እናቴ፣ ልጅዎ ከነገረዎት ያን ቀን ከማዕድዎ አያስነሡት። አይርገሙት፣ ከቄሱም ከሽማግሌውም ፊት አያቁሙት። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ለኛ ይተዉት፤ መልሱን እኛ እንሰጣለን።

ሌሎቻችሁም፣ በሚቀጥለው ዓመት የሰልፉ ቀን ሲደርስ ኑ። ባንዲራ መያዝ ካልፈለጋችሁ አትያዙ፣ መፈክሩን ካልወደዳችሁት አትጩኹ። በ1985 በተቀመጥንበት መንገድ ላይ ከነዚህ ልጆች ጎን አንድ ሰዓት ሂዱ።