የመልስ ጠባቂው አኗኗር፦ የመስክ ጥናት

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ ከተማ ቀን የሚያዛጋ፣ ሌሊት የሚነቃ፣ ስልኩን በየደቂቃው እያበራ የሚያጠፋ የኅብረተሰብ ክፍል ይከሰታል። ከሥራ ፈላጊ አይመደብም፤ ሥራ ቢያገኝም «ለጥቂት ወር ነው» ይላልና። ከተማሪም አይመደብም፤ የሚያስተምረው የለም። ይህ ውጭ አገር ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ አመልክቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው። መረጃው የተሰበሰበው በቡና ላይ፣ በታክሲ ሰልፍና በኮንዶሚኒየም ግድግዳ በኩል ሲሆን፣ ግድግዳው ላሳየው ከፍተኛ ትብብር አጥኚው ምስጋናውን ያቀርባል።

በቅድሚያ ወቅቱን እንወስን። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር ይዘጋል፤ በተለይ በ1 እና በ15፣ ማለትም ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6። የወቅቱ ማብቂያ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ሰነድ መሠረት፣ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ግብዣ የደረሰው ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት ቁርጡን እንዲናገር አይገደድም። ተማሪውን ከጥድፊያ ለመጠበቅ የወጣ መልካም ደንብ ነው። በተጠባባቂነት የተመዘገበውን ግን፣ አንድ የማያውቀው ሰው ሦስት ግብዣ ታቅፎ እስኪያማርጥ ድረስ፣ ገናንና ጥምቀትን አሳልፎ ሁዳዴ እንዲገባ ይፈርድበታል። ሁዳዴ እንኳ 55 ቀን ነው፤ መያዣውም መፍቻውም ይታወቃል።

ከሁሉ አነጋጋሪው የሥራ ሰዓቱ ነው። በአሜሪካውያን የክረምት ወራት አዲስ አበባ ኒው ዮርክን በ8፣ ካሊፎርኒያን በ11 ሰዓት ትቀድማለች። ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት የሚሠራ ቢሮ ኒው ዮርክ ላይ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ካሊፎርኒያ ላይ ሲዘጋ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በሁለቱም ዳርቻ ያመለከተ ሰው እንግዲህ በቀን 11፣ በሳምንት 55 ሰዓት ተረኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሰዓቱ ቁጥር ከሁዳዴ ቀኖች ጋር መግጠሙን አጥኚው እንደ አጋጣሚ ይወስደዋል፤ የጠባቂው እናት አይወስዱትም። በማርች ሁለተኛ እሑድ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይጠባል፤ ጠባቂውም በዚያው ልክ ቀደም ብሎ ይተኛል። ብዙዎች ከአሜሪካ የሚያገኙት የመጀመሪያው ስኮላርሺፕ ይኸው ነው።

በፈረቃው ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ ከኢሜይል ወደ ስፓም፣ ከስፓም ወደ ዩኒቨርሲቲው ገጽ፣ ከገጹ ተመልሶ ወደ ኢሜይል። ገጹ ላይ «ማመልከቻዎ በግምገማ ላይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ጠባቂው በየዕለቱ እንደ አዲስ ያነበዋል፤ አራት ነጥቡ የተነቃነቀ የመሰለው ቀን እንቅልፍ የለም። በዚህ ሰዓት ስልክ ላይ ጢን ብሎ የሚገባ የጥቅል ማስታወቂያ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሰፊ ምርመራ ይፈልጋል። መብራት ከሄደ ደግሞ፣ መልሱ በዚያች ቅጽበት መጥቶ ዋይፋይ ሲያጣ ደጅ ላይ ጥቂት ቆሞ የሚመለስ ይመስለዋል።

የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ከፍሎ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የማውጣቱን ነገር ሌላ ጥናት ስለሚበቃው እንለፈው። የድጋፍ ደብዳቤው ግን አይታለፍም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ሦስት ነው፤ ሥራ የበዛበት መምህርም «አንተው ጻፈውና ላከው፣ እፈርማለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጠባቂው በሦስት ሰዎች አንደበት ስለ ራሱ ታታሪነት መስክሯል ማለት ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ምስክሮቹን ሙሉ በሙሉ ያምናቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። ማመልከቻው የአንድ ሰው ሲሆን ጥበቃው የሰፈር ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከማመልከቻ ክፍያ ነው፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአክስት ልጅ በካርዱ ይከፍላል። ልጁ ለእናቱ ይናገራል፣ አክስት ለእህታቸው፣ እህት ለቡና ጎረቤት። በአቦል «አመልክቷል» የተባለው ልጅ በቶና «አልፏል» ይባላል፤ በረካ ላይ ሲደርስ ቪዛው ተመትቷል። ጠባቂው ይህን የሚሰማው በማግስቱ በር ላይ «አንተ፣ ሳትሰናበተን?» ሲባል ነው። ጠባቂዋ ሴት ከሆነች ጥያቄው «ሳታገቢ?» የሚል ተቀጥላ ይኖረዋል፤ አጥኚው ለወንድ ጠባቂ ይህ ሲቀርብ አልሰማም።

ከዚያ አደራው ይጀምራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮሰረት፣ ለማያውቃት የልጅ ልጅ የተሠራ ጥበብ ቀሚስ። የኢኮኖሚ መንገደኛ አንድ ሻንጣ ልኩ 23 ኪሎ ነው፤ የተቀባዮቹ አድራሻ እንጂ ይህ ቁጥር በሰፈሩ አይታወቅም። በሌላ በኩል ጠባቂው ዕቁብ አይገባም፣ ዙሩ ሳያልቅ ቢሄድስ? ጃኬት አይገዛም፣ እዚያ ይገዛል። ኑሮው በሙሉ ሊነሳ ያለ እንግዳ ኑሮ ሆኗል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

የእናት ድርሻ ለብቻው መታየት አለበት። ማመልከቻው ታኅሣሥ 6 በተዘጋ በ13ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። እናት ጃንጥላ ተስለዋል። በስለቱ ላይ የትምህርት ክፍሉ ስም አልተጠቀሰም፤ የአመልካቹ የክርስትና ስም ግን በትክክል ሰፍሯል፣ ከፓስፖርቱ ጋር ባይገጥምም። ልጁ ቢያልፍ ምክንያቱ የፍላጎት መግለጫው ነው ወይስ ጃንጥላው የሚለውን ለመለየት፣ ስለት ያልተሳሉ እናት ያሉት ሌላ ጠባቂ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። አልተገኘም።

መልሱ ሲመጣ «ከአመልካቾች ብዛት የተነሳ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ አይነገርም። ጠባቂው ለሰፈሩ «ለሚቀጥለው ዓመት አዛወሩኝ» ይላል፤ ሰፈሩም ያምናል ወይም እንዳመነ ሆኖ ቡናውን ያፈላል። ጥናቱ ይህን እንደ ውሸት አልመዘገበውም። አመልካቾቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት መሆኑን ለአክስት ከማስረዳት ይህ ያነሰ ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ ለተከበሩ ጎረቤቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለው ጥያቄ ይቁም። በርበሬውንም እባካችሁ እስከ ሚያዝያ 7 ቤታችሁ አቆዩት፤ አይበላሽም።