ተጫዋችን ከሃዲ ብሎ ለመስደብ፦ የመተማ መንገድ

መተማ ዮሐንስ ላይ ስለ ኳስ ተከራክሮ መሸነፍ ብዙ ልፋት አለው። ሰው ሲናገር መስማት፣ የሰሙትን ማመዛዘን፣ አንዳንዴም «እውነትህን ነው» ማለት ይጠይቃል። ማሸነፍ ግን ከዚህ አንዱንም አይፈልግም። ዕድሜዬን በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ሳልሰስት ልንገርህ።

ከመቀመጫው እንጀምር። ከፊት እንዳትቀመጥ፤ ከፊት የሚቀመጠው ጨዋታ ሊያይ የመጣ ነው። አንተ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ ሽው በሚልበት ሁን። በሚያዝያ ቆርቆሮው ሲግል መሀል የተቀመጠው ሁሉ ላቡን በመጥረግ ስለሚጠመድ አፉን ይዘጋል። አንተ ጋ ግን ትንፋሽ አለ፤ ክርክር ደግሞ የትንፋሽ ነገር ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ቢነሣም አትከፋ። ጄኔሬተር ሲያጓራ ማስረጃ ያለውና ማስረጃ የሌለው እኩል ነው የሚሰሙት።

ቡድን መያዙ ከባድ አይደለም። ታላቅ ወንድምህ ማንቼ ከሆነ አርሴ ሁን፣ አለቀ። ዋናው «እኛ» ማለት መልመድ ነው። ከገንዳ ውኃ አልፈህ ባታውቅም «ተከላካይ ሳንገዛ ቀርተን ይኸው ዋጋችንን አገኘን» በል። በሕይወትህ የገዛኸው የመግቢያ ትኬት ብቻ መሆኑን ማንም አያነሣብህም፤ ሁሉም ያው ነውና።

አሁን ወደ ሥራችን፤ ከሃዲ ፍለጋ። ሮናልዶ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለሳዑዲው አል ናስር ከፈረመ ወዲህ ከሃዲ ሞልቷል። ቤንዜማ አል ኢቲሃድ ገባ፣ ማኔ ሮናልዶን ተከተለ፣ ኔይማር አል ሂላል ሄደ። ለጀማሪ የምመክረው ግን ሄንደርሰንን ነው። ሰውየው ሊቨርፑል ውስጥ 12 ዓመት ቆይቷል፤ ካፒቴን ሆኖ የሻምፒዮንስ ሊጉንም የፕሪምየር ሊጉንም ዋንጫ አንሥቷል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደማም ላለው አል ኢቲፋቅ ፈረመ፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ጥር ላይ አያክስ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው በሁለት በኩል ይሰደባል። ስለ መሄዱ «ከሃዲ» ትላለህ፤ ስለ መመለሱ «ሙቀቱን አልቻለውም»። ሁለተኛዋ እዚህ ሁልጊዜ ታስቃለች፤ ሙቀት ሸሸ የተባለን ሰው መተማ አይምርም።

12 ዓመት ስንት እንደሆነ ግን እንዳታሰላ። ካሰላህ አለቀልህ። የሚከተለውን የማወራህ ከዚህ ስሕተት እንድትጠበቅ ነው።

አንድ ክረምት፣ የሰሊጥ አረም በተጣደፈበት ሰሞን፣ አጠገቤ አንድ ሳሉግ ተቀመጠ። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እዚህ ሳሉግ ነው የምንለው። የዋልካው ጭቃ ሱሪው ላይ እስከ ጉልበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጨዋታው እስኪጀምር የቀኑን ወሬ አወራኝ። ከካቦውና ከ15 ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ግማሹ ያልታረመ ማሳ ትተው በሌሊት ወጥተዋል፤ በኮኪት በኩል ያለ ሌላ ባለሀብት በቀን 50 ብር ጨምሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ አበላለሁ ብሏቸው። ደግ አደረጋችሁ አልኩት፤ ሰሊጥ አረም አይጠብቅም፣ ሆድም እንደዚያው። ከዚያ ሄንደርሰን በስክሪኑ ብቅ አለ። ሳሉጉ ብድግ ብሎ «ሰው እንዴት ለገንዘብ ብሎ ቤቱን ጥሎ ይወጣል!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አጥብቆ ያጨበጨበው ከፊታችን ሁለት አግዳሚ አልፎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ዘወር ሲል ሳሉጉ አንገቱን ቀበረ፤ ለካ ባለ ግማሹ ማሳ እሱ ኖሯል። ባለ ማሳው ግን አላየውም። «ልክ ነህ፣ ታማኝነት ድሮ ቀረ!» ብሎ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው፤ የቀን ሒሳብህን በአንድ ኪስ፣ የማታ ታማኝነትህን በሌላ ኪስ ያዝ። ኪሶቹ እንዳይነካኩ። ያንን ቀይ የሊቨርፑል ማሊያ ለብሶ «ሳዑዲ የሚሄድ ሁሉ ሆዳም ነው» የሚለውን ጎረምሳ ተመልከት፤ እንዴት ያለ ባለሙያ መሰለህ! ማሊያውን የላከችለት ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ናት። ይህን ስታውቅ ዝም በል። እኔ አንዴ ባነሣው ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነሥቶኛል፤ አሁንም ሳስበው ያነሣሁት ያለ ቦታው ነበር።

ከተማዋ የድንበር ከተማ ስለሆነች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከገላባት ተሻግረው የመጡ ሰዎች አግዳሚያችን ላይ አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ጠና ያሉ የኦምዱርማን ሰው፣ የሂላል ደጋፊ ናቸው። የኔይማር ወሬ እኛ ጋ ዘግይቶ ደርሶ አንዱ ከበሩ ላይ «ኔይማር ሂላል ገባ!» ብሎ ሲጮህ እኒያ ሰውዬ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ከዚያ የሪያዱ ሂላል መሆኑ ሲነገራቸው ቀስ ብለው ተቀመጡና በተሰባበረ አማርኛ «የእኛ 1930፣ የእነሱ 1957። ስሙ የእኛ ነው፣ ገንዘቡ የእነሱ» አሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ቆጠራ ናቸው፣ ደግሞም ልክ ናቸው፤ የኦምዱርማኑ በ27 ዓመት ታላቅ ነው። ልክ የሆነ ነገር ሲገጥምህ ምን ታደርጋለህ? «ስንት የእስያ ዋንጫ አላችሁ?» በላቸው። የአፍሪካ ቡድን የእስያ ዋንጫ እንደማይወዳደር አትጨነቅበት፤ መልስ እስኪያዘጋጁ አንተ ተነሥተህ ወጥተሃል። ኔይማር በበኩሉ ሪያድ ውስጥ በጉዳት ተኝቶ ከርሞ 7 ጨዋታ ተጫውቶ፣ አንድ ጎል አግብቶ ተሰናበተ። ይህንንም እንዳታነሣ፤ ተጫዋቹን ያሳዝናል፣ ያዘኑለትን ሰው ደግሞ መስደብ ይከብዳል።

«ስንት ዋንጫ አላችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ በቃልህ ያዛት፤ ለክፉ ቀን ናት። ክፉ ቀን የምልህ አንድ አስታዋሽ ሰው ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም.ን ሲያነሣ ነው። ያን ዕለት 12 የአውሮፓ ክለቦች የራሳችንን ሱፐር ሊግ መሥርተናል ብለው አወጁ። ከእንግሊዝ ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ ማንቸስተሮች፣ ሊቨርፑል፣ አርሰናል፣ ቼልሲና ቶተንሃም። በዚህ ቤት ከተቀመጠው ሰው ውስጥ ከእነዚህ ውጪ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ የሚደግፍ ፈልገህ አታገኝም። የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጥቶ ስለጮኸባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም ለቀቁ። ተጫዋች ሲሄድ ከሃዲ ካልን ክለቡ ራሱ ሊሄድ ሲነሣ ምን እንለዋለን? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅህ ይመጣል። አትመልስለት። «ስንት ዋንጫ አላችሁ?»

አንድ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ እንግዳ ደግሞ ይህ ሁሉ ጎልፍ ውስጥም አለ ብሎ አንድ ማታ አስጨነቀን። እዚህ ዱላና ኳስ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው የገና ጨዋታን ነው፤ ቢሆንም አዳመጥነው። ከሳዑዲ ክለቦች ጀርባ ያለው የመንግሥት ፈንድ ሊቭ የሚባል የጎልፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2022 ጀምሮ የአሜሪካውን ነባር ውድድር ተጫዋቾች በገንዘብ ወሰደ። የቀሩት የሄዱትን ሲኮንኑ ከረሙ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ላይ የነባሩ ውድድር አለቆች ከዚያው ፈንድ ጋር ስምምነት ደረስን አሉ፤ በታማኝነት ከቀሩት ብዙዎቹ ይህን የሰሙት እንደ እኔና እንደ አንተ ከዜና ነው። እንግዳው ይህን ሲጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ለደቂቃ ያህል አንድ ነገር የገባን መሰለን። ደግነቱ ዕረፍቱ አልቆ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

ስለ አገር ቤት ሊግ መናገር ግድ ከሆነብህ ሕጉ አጭር ነው፤ የኛ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ «ዕድል»፣ የእነሱ ሲሄድ «ገንዘብ»። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ይዟል፤ በቀጣዩ ዓመት ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ። ከሃዲ ያለው ሰው አልሰማሁም፤ አገር አኮራ ነው የተባለው፤ ደግሞም አኩርቷል። ግን ያው ልጅ የፋሲል ከነማ ቢሆንና ባሕር ዳር ከነማ ቢገባ ኖሮ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ሄደ ብለን ስሙን ከአፋችን ባወጣን ነበር። አፄዎቹ ፋሲሎች በዚያው በ2013 ዋንጫውን ሲያነሡ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለተካሄደ ጎንደሬው ራሱ እንደ እኛ በቴሌቪዥን ነው ያያቸው። በዚያ ዓመት ጎንደርና መተማ እኩል ሆነዋል።

ሁሉም ካለቀብህ የከተማችንን ስም አውጣ። «መጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ መሬት ላይ ንጉሥ ወድቋል፤ ቤንዜማ ግን ለብር ሄደ!» በል። ቤንዜማ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ ታሪክ አያውቅም በለው። የንጉሡ ራስ ወደ ኦምዱርማን መወሰዱን ግን እዚህ ላይ አትጨምር። እኒያ የሂላሉ ሰውዬ አጠገብህ ናቸው፤ ምናልባትም ለአንተ ሻይ እያዘዙ።

በመጨረሻ፣ ፊሽካ እንደተነፋ ውጣ። አንድ ማታ ቆይቼ የደረሰብኝን ልንገርህ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አግዳሚዎቹ ሲደራረቡ፣ እኒያ የሂላሉ ሰውዬ ወደ ቤቱ ባለቤት ጠጋ ብለው «የሞሪታኒያ ሊግ በየትኛው ቻናል ነው?» አሉት። በ2017 ዓ.ም. የኦምዱርማኖቹ ክለቦች ሂላልና መሪኽ አገራቸው መጫወት ስላልቻሉ የሞሪታኒያ ሊግ ውስጥ ነበሩ። ባለቤቱ ሪሞቱን አንሥቶ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ይለውጥ ጀመር። የዓረብኛ ዜና፣ የምግብ ዝግጅት፣ ፊልም፣ ደግሞ ዜና። ሰውዬው ቆመው ያያሉ። «ይኖራል አባባ፣ ይኖራል» ይላል ባለቤቱ፣ ቁጥሩ 400 አልፎ። አጋጣሚ ሆኖ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ክርክር ላይ ድምፄ እንቢ አለኝ፤ አንድ የቼልሲ ደጋፊ ያለ ምንም ማስረጃ ረታኝ።