ሰኞ ጀምሮ ረቡዕ ለመተው

ከሁሉ በፊት አዋጅ አስነግር። ጫማ ሳትገዛ፣ አንዲት ዳገት ሳትወጣ፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ፣ ለእድርተኛው፣ ለፀጉር አስተካካይህ ሳይቀር "ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት ነው፤ ማታ እህል የሚባል አልቀምስም" በላቸው። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ እስከ ሰኞ ስድስት ቀን አለህ፤ የመሰናበቻው ጥብስ የሚበላው በእነዚህ ቀናት ነው። ሰኞ ዝናብ ከጣለ ሌላ ሰኞ ይመጣል። ነሐሴ ላይ ከሆንህ መስከረምን ጠብቅ፤ መስከረም ሲጠባ ዶሮው አለ፣ ዶሮው ሳያልቅ መስቀል ይደርሳል። የራስህ በዓል ቢያልቅብህም አትስጋ፤ እኛ ወሎዎች ዘንድ ለገናም ለአረፋም የሚጠራ ጎረቤት አይጠፋም።

ቱታው ከደሴ ይምጣ፤ እዚሁ መካነ ሰላም ገበያ ያለው አይመጥንህም። ለብሰህ ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ሳይወጣ ከቦታህ እንዳትንቀሳቀስ። ወደ ሜዳው በባጃጅ ሂድ።

ሩጫው ላይ በመጀመሪያው ቀን ያለህን ሁሉ አፍስስ፤ ለነገ አታስቀር። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች መሆኗን እርሳው። እንዲህ ያለውን ስስ አየር ፍለጋ የውጭ አገር ሯጮች ገንዘብ ከፍለው ሱሉልታ ድረስ ይመጣሉ፤ መጥተውም ቀስ በቀስ ይለማመዱታል። አንተ ግን የአገርህ አየር ስለሆነ መለማመድ አያስፈልግህም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ የሮጠችውን የመጨረሻውን ዙር ብቻ አስታውስና ከመነሻው እንደዚያ ፈትለክ በል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዙሮች፣ ከዙሮቹም በፊት የነበሩትን የልምምድ ዓመታት ማን ያስታውሳል? በማግስቱ ጉልበትህ አልታጠፍ ሲልህ "ስፖርት እኮ ለእኔ ሰውነት አይስማማም" ለማለት በቂ ማስረጃ ይኖርሃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ይህን አትስማ። መራመድማ ገበሬውም ይራመዳል።

መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ አትለፈው። ጠዋት ተመዘን፣ ማታ ተመዘን፣ ጫማህን አውልቀህ ተመዘን። በሦስተኛው ቀን ኪሎህ ካልቀነሰ ልጁን "ሚዛንህ ተበላሽቷል" ብለህ ተቆጣው።

ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ አንተን የማውቅህ እዚህ ላይ ነው። ገብስን ናቅ። የእኛው የወሎ ለጋምቦና ቦረና ደጋ ገብስ፣ እናትህ ቆልታ ፈጭታ የምትሰጥህ በሶ፣ ለመንገድ የምትቋጥርልህ ቆሎ የኋላ ቀር ምግብ ነው በል፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመድህ ደውለህ ከሱፐርማርኬት ኦትስ አስልክ። ኦትስን ያስመሰገነው ቤታ ግሉካን የሚሉት ፋይበር ገብስ ውስጥም መኖሩን የነገረህን ሰው አትመነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምርት ማሸጊያ ላይ ለልብ ይጠቅማል ተብሎ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የእናትህ በሶ ማሸጊያ የለውም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። እንጀራ በሽሮንም አትንካ። ጤፉ የጎደለውን ባቄላውና አተሩ እየሞሉ ሙሉ ፕሮቲን እንደሚሆኑ ብታውቅ የዱቄት ፕሮቲን በቆርቆሮ መግዛት ታቆም ነበር፤ አለማወቅህ ይሻላል።

ኦትሱንም እንደ ኦትስ አትብላው። ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምርበት። ከሩጫ መልስ ላብህ ሳይደርቅ ለስላሳ ክፈት፤ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይመረጣል ማለቱ አንተን አይመለከትም፤ ደክመሃላ። ማታ ደግሞ ጓደኞችህን ይዘህ ሥጋ ቤት ግባና "ፕሮቲን ነው" እያልህ ቁረጥ፤ ቢራው ለምን እንደሆነ የጠየቀህ ካለ "ውኃ ነው እኮ" በለው።

ጾም ሲገባ "ዘንድሮ እቀንሳለሁ" በል። ከዚያም ሁዳዴን 55 ቀን በዘይት በተነከረ ብስኩት፣ ረመዳንን በሳምቡሳና በቴምር ጭማቂ አሳልፈው። ጾሙ ለምን እንደ ተሠራ ቄሱንም ሼኹንም አትጠይቅ፤ መጠን ማወቅን ያስተምሩሃል።

ቦርጩ ካልቀነሰ ጥፋተኛው ታውቋል፦ የሚስትህ ወጥ። "ዘይት ታበዢያለሽ" በላት፤ ሁለተኛ ጭልፋ ጨምሪ ያልኸው አንተ መሆንህን ታውቃለች፤ ግን እንግዳ ፊት አታሳፍርህም። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዋን ታጥቃ፣ ያንኑ አንተ የተውኸውን ስኒከር ተጫምታ ልራመድ ብትል ደግሞ ሳቅባት። "በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል?" በላት።

ኧረ ምን ይላል? ንገረን እስቲ! ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ ማንም ምንም አላለም፤ ለጤናዋ ባዶ እጇን ስትራመድ ነው የሚባለው? ሴት ልጅህ ከትምህርት ቤት መልስ ስትሮጥ "ቁጭ በይ" የምትላት፣ አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ ነው። ይህች አገር ስሟን ዓለም ላይ ያስጠራችው በሩጫ ነው፤ ከሯጮቿም እኩሌቶቹ የምትስቅባቸውን የሚመስሉ ልጆች ናቸው። እፈር።

ይሁን፤ ምክሩን እንቀጥል። ረቡዕ ላይ ስትተው እንደ ጀመርኸው በአዋጅ አትተው፤ ቀስ ብለህ ጥፋ። ጠያቂ ከመጣ "ሥራ በዛብኝ" በለው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብህ ነው፤ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ አለ፤ አንተ ግን በእግርህ ገብተህ እንዳታየው፤ ስለ እሱ ቡና ቤት ተቀምጠህ ማውራት ይበቃል። ቦርጩን ደግሞ በኩራት ያዘው፤ በኛ አገር ባለ ቦርጭ ሰው ወንበር ይለቀቅለታል።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እዚህ ላይ የማሾፍ አቅም የለኝም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሳይ ዓመታት ይከርምና በድንገት አንጎል ውስጥ ደም አፍስሶ ወይም ልብን አድክሞ ይጥላል። ቱታም፣ ኦትስም፣ አዋጅም ሳይጠይቅህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ክንድህን መዘርጋት ትችላለህ፤ መለካቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዛሬ ሄደህ ተለካ፤ ሚስትህንም ይዘሃት ሂድ፤ በእግራችሁ።